በሲባጎ ልክ

የምርጫው ውጤት የተነገረ ዕለት ልብስ ተኳሻችን ኮሌታ አቃጠለ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶት ስለነበር፣ "ጃንጥላ አሸንፏል" የሚለው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ስፌት ቤቴ ሲገባ እልልታዬን ለቀቅኩት። ተኳሹ ደንግጦ ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንደተወው ወደ በሩ ሮጠ። የደንበኛ ሸሚዝ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ቆዳውን ነበር የምገፈው። ያን ቀን ግን "ይቃጠል! ሌላ እንሰፋለታለን!" ብዬ አቅፌ ሳምኩት። ከእኔ ጋር ስንት ዘመን ሠርቶ እንዲህ ስስመው የመጀመሪያው ስለነበር፣ ከቃጠሎው ይልቅ መሳሜ አስደነገጠው።

የተፋጠጡት ሁለት ፓርቲዎች ነበሩ። የአንዱ ምልክት ጃንጥላ፣ የሌላው በር። ጃንጥላ "ሰልባጅ ላይ ቀረጥ እጨምራለሁ፤ ልብስ ሰፊው ከሚገዛው ጣቃና ክር ላይ ደግሞ እቀንሳለሁ" ይላል። በር ደግሞ "ርካሽ ነገር ከየትም ይግባ፣ ሕዝቡ ይልበስ" ባይ ነው። ለሌላው ሰው ይኼ የሬዲዮ ወሬ ነው። ለእኔ የሞት የሽረት ጉዳይ ነበር። ሌላ ሰው ለብሶ የጣለው ጃኬት በቦንዳ ታስሮ ከባሕር ማዶ እየመጣ፣ እኔ ገበሩን ብቻ ከምገዛበት ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ፣ ማን ሞኝ ነው ቆሞ የሚለካልኝ? እናቴ አይኗ ሲደክም ባስረከበችኝ ስፌት ቤት ውስጥ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አንሶላ ለብሰው እንደ በሽተኛ ተኝተዋል። በር ካሸነፈ ዘግቼ ቤቱን ለመጋዘን ላከራየው ቆርጬ ነበር። ታዲያ ጮቤ ብረግጥ ምን ይገርማል?

የሚገርመው ቀጥሎ ያደረግኩት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጠብ የሚል ነገር በሌለበት፣ ጃንጥላዬን ዘርግቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ከስፌት ቤቴ ፊት ለፊት የታናሽ እህቴ ሱቅ አለ። እህቴ ሰልባጅ ነጋዴ ናት።

አዎ፣ የእናቴ ልጅ! ከሕፃንነቷ ጀምሮ መንማና ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ "ሲባጎ" ነው የሚላት። ሲባጎ ትሁን እንጂ ቦንዳ ተሸክማ ስትመጣ ወንዱ ሁሉ መንገድ ይለቅላታል። እኔ እየሰፋሁ እሷ እየሸጠች መኖር እንችል ነበር። ግን ገና በወጣትነቷ "እታለም፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ፔዳል ስረግጥ አላረጅም" ብላ ወጣች። ምርጫው ሲመጣ እኔ የጃንጥላን ምስል በሬ ላይ ለጠፍኩ፣ እሷ የበርን ምስል በሯ ላይ ለጠፈች። ጠዋት ጠዋት ሱቃችንን ስንከፍት ሰላምታችን ክርክር ሆነ።

"ድሃውን የሚያለብሰው ማነው? እኔ ነኝ!" ትለኛለች ከማዶ።

"ሰፊውን የሚያራቁተውስ?" እላታለሁ ከወዲህ።

እናታችንን ሁለታችንም በየወገናችን ቆጥረናታል። በምርጫው ቀን አንዷ ቀኝ ክንዷን፣ አንዷ ግራ ክንዷን ይዘን ምርጫ ጣቢያ ድረስ ወሰድናት። ስትወጣ እኩል "ማንን መረጥሽ?" ብንላት "ምስጢር ነው ተብሏል" ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ጫነች። እኔ በሆዴ "ጃንጥላን ነው፣ ስፌት ቤቱ የእሷ አይደል?" አልኩ። እህቴም በሆዷ "በርን ነው፣ ትንሿ ልጇ አይደለሁ?" እንዳለች አልጠራጠርም።

እና ያን ቀን፣ ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ሱቋ በር ላይ ቆምኩ። ሹራብ እያጠፈች ነበር።

"ሲባጎ፣ ዝናቡን አላየሽውም እንዴ?" አልኳት።

ቀና ብላ ሰማዩን አየችና ገባት። እንደምትሰድበኝ አውቄ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር የቆምኩት። እሷ ግን ሹራቡን አጥፋ ጨረሰች፣ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው፣ በእጇም አስተካከለችው። "እንኳን ደስ አለሽ፣ እታለም" አለችና የሱቋን በር ፊቴ ላይ ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም። እኔም አንገቴን የምደፋ ሴት አይደለሁም፤ አልለመንኳትም።

ድሉም እንዳሰብኩት ሙሉውን አልመጣም። ጸጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ጢም በግማሽ ትቶ፣ ምላጩን እንደያዘ መጥቶ ነው የነገረኝ።

"ጃንጥላ ብቻውን መንግሥት ለመመሥረት ወንበር አልሞላለትም። ከትንሹ ፓርቲ፣ ከሚዛን ጋር ሊጣመር ነው" አለኝ። "ሚዛን ደግሞ ዝም ብሎ አይገባም።"

"ምን ፈለገ?"

"የሰልባጁ ቀረጥ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይጨመር ብሏል። ሌላም አለ። አዲሱ የገበያ አዳራሽ እዚሁ አገር ውስጥ ለተሰፋ ልብስ ብቻ ይሆናል፤ መደቡ የሚሰጠው ግን ለሰልባጅ ነጋዴዎች ነው።"

"ለማን? ለማን አልክ?"

"ሥራቸውን ያጡ የለም እንዴ? ለእነሱ። አንቺ ጣቃውን በርካሽ ታገኛለሽ፣ እነሱ መደቡን ያገኛሉ። ተስማምታችሁ ብሉ ነው ነገሩ። አዳራሹ በተከፈተ ቀን ባዶ የተገኘ መደብ ደግሞ ለሌላ ይሰጣል።" ይህን ብሎ ግማሽ ጢሙን ወደተላጨው ሰውዬ ተመለሰ።

አያችሁልኝ! እኔ የመረጥኩት ጃንጥላን ነው፤ ሚዛንን ማን ጠራው? አንድ ሰው ሬዲዮ ላይ ቀርቦ "መራጩ ሕዝብ ያለው ይኼንኑ ነው፤ ለማንም ሙሉ ጨርቅ አልሰጠም" ሲል ሰማሁት። መንግሥት ከሁለት ሰው ጨርቅ የተጋጠመ ኮት መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት።

እናቴ ይኼን ስትሰማ ዓይኗ በራ። "እህትሽ መደብ አላት፣ አንቺ መኪና አለሽ። ምን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ።

"እሷ ትምጣና ትጠይቀኝ።"

"እሷም 'ትምጣና ትጠይቀኝ' ነው የምትለው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፣ ልጄ። መደቡን ባዕድ ሲወስደው ያን ጊዜ ሁለታችሁም ትለቃቀሳላችሁ።"

"ያለ እሷ መደብም መሸጥ እችላለሁ፣ እማዬ። በር አለኝ።"

"በርማ ተሸነፈ አልሽኝ" አለችና ጥላኝ ገባች።

መንግሥት ቃሉን ጠበቀ፤ ይኼን መካድ ነውር ነው። ጣቃው ረከሰ። ድሮ በሜትር የምለምነውን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ በጣቃ አስጭኜ አመጣሁ። አንሶላውን ከመኪናዎቹ ላይ ገፍፌ ዘይት አጠጣኋቸው። ሥራ ጠፍቶ ያሰናበትኳቸውን ሴቶች በየቤታቸው ሄጄ ጠራኋቸው። አንዷ ምንጣፍ ስታጥብ አገኘኋትና ገና አፌን ሳልከፍት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተከተለችኝ። መኪናዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ሲነሡ መንገደኛው ቆሞ ያዳምጥ ጀመር። እኔ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ቁጭ ብዬ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ብቻ ከበደኝ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የሰፋሁት ፊቴ ለቆመ ሰው ነው። ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ይኼን ትከሻ፣ ያንን ወገብ እየለካሁ። እናቴም "ሰው በሌለበት መቀስ አይነሣም" ብላ ነው ያሳደገችን። አሁን ግን መጥቶ የሚገዛው ሰው ገና አልታወቀም፤ ጃኬቱ ግን ተሰፍቶ መስቀያ ላይ ሊጠብቀው ይገባል። ማንን ልለካ? አሰብኩ አሰብኩና "መካከለኛ ሰው ነው" አልኩ። ያልረዘመ ያላጠረ፣ ያልወፈረ ያልቀጠነ። እንዲህ ያለውን ሰው ለማሰብ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጠመኔውን አነሣሁ፤ እጄ ራሱ ሄደ። ሜትር እንኳ አላስፈለገኝም። "እጄ እኮ እጅ ነው!" እያልኩ በላይ በላዩ ቆረጥኩ። ሴቶቹ ሰፉ፣ ተኳሹ ተኮሰ። አዳራሹ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ግድግዳዬ ከዳር እስከ ዳር ጃኬት ለበሰ።

በሬን ከፈትኩ። ከበሬ በላይ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ሰቀልኩ። ማዶ ያለችው ታይ ብዬ ነው፤ ምን እደብቃለሁ!

መጀመሪያ የገቡት ጋሼ መምህር ነበሩ፤ እሳቸው ልብስ ሲገዙ ሰፈሩ ይገዛል። ጃኬቱን አጠለቁት። እጅጌው ክርናቸው አጠገብ ቀረ። "ለማጠቢያ ይመቻል" አሉ፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ቀጥላ ዳቦ ጋጋሪዋ ገባች። ሊጥ ሲያቦካ የኖረ ክንድ ነው ያላት፤ አንዱን እጅ አስገብታ ሁለተኛውን ስታስገባ ጃኬቱ ጀርባዋ ላይ ተጠፍንጎ እምቢ አለ። አይገባም፣ አይወጣም። ተኳሹ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ይዘን ስንጎትት "ኧረ ክንዴን ተዉልኝ፣ ነገ ዳቦ አለብኝ!" እያለች ትጮሃለች። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሳቁን ለቀቀው። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ቀጫጭን ልጅ ተገኘችና "ለዚህችስ ይሆናል" ብዬ አለበስኳት። ወገቡ ልክ መጣ። "ግን አንዱ ትከሻ ወረደብኝ" አለች። ሌላ ሰጠኋት። እሱም ወረደ። ተኳሹን አፈጠጥኩበት፤ "ካውያ ትከሻ አያወርድም!" ብሎ ማለ።

ያኔ ነው አንድ ሰው ከበሩ ላይ "ሰልባጁ ይሻለን ነበር" ያለው። ጮክ ብሎም አይደለም። ሰዉ ግን እየሳቀ፣ እያጉረመረመ ተበተነ። አንድም ጃኬት አልተሸጠም።

ጸጉር አስተካካዩ ብቻ ቀረ። "ይኼ ወሬ የበር ፓርቲ ሰዎች ጆሮ ከገባ አለቀ" አለኝ፣ ሊያስፈራኝ ሳይሆን አዝኖ። "'የአገር ልብስ እጅ አያስገባም' ብለው በሬዲዮ ይለፍፉታል። በሚቀጥለው ምርጫ ቀረጡ ይነሣል፣ አንቺም ትነሻለሽ።"

ወጥቼ ጃንጥላዬን አወረድኩ። ሴቶቹ መኪናቸውን አቁመው ያዩኛል። ምንጣፍ ትታ የተከተለችኝ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። መንግሥት ከነቀረጡ፣ ጣቃ ከነርካሽነቱ መጥቶልኝ፣ ይኼው ስፌት ቤቱን በገዛ እጄ ልቀብረው ነው። አፈርኩ።

የሱቋ በር ሲከፈት ሰማሁ። ሲባጎ መንገዱን ተሻገረች። ዳቦ ጋጋሪዋ ከጮኸችበት ጊዜ ጀምሮ ከማዶ ስታይ ነበር። ልትስቅብኝ የመጣች መስሎኝ አንገቴን አቀናሁ። እሷ ግን በአጠገቤ አልፋ ገባች፤ ከግድግዳው አንድ ጃኬት አወረደች፤ አጠለቀችው፤ ቁልፉን ከላይ እስከ ታች ቆለፈችው። ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞረች።

 ጃኬቱ አብሯት የተወለደ ይመስል ነበር። እጅጌው አንጓዋ ላይ፣ ወገቡ ወገቧ ላይ። ቀኝ ትከሻዋን አየሁት። ስንት ዓመት ቦንዳ የተሸከመችበት ነው፤ ከሌላው በጣት ያህል ዝቅ ይላል። የጃኬቱም ትከሻ በጣት ያህል ዝቅ ብሎ ልክክ ብሎባታል።

"ይኼ የእኔ ትከሻ ነው" አለች።

አውልቃ ሌላ ለበሰች። ሌላም ደገመች። "ሁሉም የእኔ ናቸው!"

"መካከለኛ ሰው ብዬ ነው የቆረጥኩት" አልኳት።

"እኔ? መካከለኛ? ሲባጎ ነኝ እኮ፣ እታለም!"

ነገሩ ያን ጊዜ በራልኝ። እናቴ መቁረጥ ስታስተምረኝ በርጩማ ላይ የምትቆምልኝ እሷ ነበረች፤ "አትወዛወዢ!" እያልኩ መርፌ እየወጋኋት። ካደገችም በኋላ አዲስ ነገር ስሞክር የማለብሳት እሷን ነው። ሰው የሌለበት ልብስ ቁረጪ ስባል እጄ የሚያውቀውን አንድ ሰው ቆረጠ። ናፍቃኝ ነበር። አፌ ስሟን ላለመጥራት ሲምል፣ እጄ ቀኑን ሙሉ ሲጠራት ከርሟል።

"እኔን ሰፍተሽ ነው ለአገር ሕዝብ የምትሸጪው?" አለችና ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ፤ እኔም ያን ጊዜ አልቻልኩም። ተቃቅፈን ስናለቅስ ተኳሹ ጃኬቱን ከመሃላችን ሊያወጣ ሞከረ፤ እንባ ነጠብጣብ ይሠራል ብሎ ነው።

"ዝናቡስ፣ አባራ?" አለችኝ ጆሮዬ ሥር።

"አባርቷል፣ እህቴ። አፌን ቁርጥ ያድርገው!"

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ እናውቃለን። ሲባጎ ሮጣ ከሱቋ ሰልባጅ ጃኬቶች በእቅፏ አመጣች። "ይኼ ለጋሼ መምህር ልክ ነው፤ ይኼ ለዳቦ ጋጋሪዋ፤ ይኼኛው እንደ ጸጉር አስተካካዩ ሆዳቸው ለቀደመ። አንቺ በርሽን ያንኳኳውን ሰው ነው የለካሽው፤ እኔ ገበያ ሙሉ ሰው ሳለብስ ነው የኖርኩት" አለች። ጃኬቶቹን በየስፌታቸው ተረተርናቸው፣ ካርቶን ላይ ዘርግተን ትልቁንም ትንሹንም አስመስለን ቆረጥን።  ሱቋን ነበር የምትተረትረው፤ እኔ አውቄዋለሁ።

የተሰፉትን ያዳናቸው ደግሞ የእናቴ ወግ ነው። ስፌት ቤታችን ከጥንትም በየስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። "ሰው ይወፍራል፤ ልብሱ ይጠብቀው" ትላለች። ሌላው ሰፊ ሁሉ "ጨርቅ አባካኞች" ሲለን የኖረው በዚህ ነው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ መሃላችን ተቀመጠችና የገባውን ስታስወጣ፣ የወረደውን ትከሻ ከፍ ስታደርግ ዋለች። እኔና ሲባጎ ግን በሁለተኛው ቀን ተጣላን! የውስጥ ኪስ ይግባ ትለኛለች።

"በእኛ ቤት ጃኬት የውስጥ ኪስ ኖሮት አያውቅም!"

"ለዚህ ነዋ እኔ ዘንድ ሲገዙ የኖሩት!"

ኪሱ ገባ። አንድ ጃኬት ብቻ ሳይነካ እንዲቀር ሲባጎ ለመነችን፤ በልቧ ያለውን ስላወቅን ተውንላት።

አዳራሹ የተከፈተ ዕለት ዙሪያውን ባዶ መደብ አይቻለሁ። ነጋዴው ከሰፊ፣ ሰፊው ከነጋዴ አልስማማ ብሎ ነው። የእኛ ግን ሞልቶ ተርፏል። ሲባጎ ጃንጥላዬን ከእጄ ቀምታ በገዛ እጇ ከመደቡ በላይ ዘረጋችውና ድምጿን ለቀቀችው፤

"ኑ! ማንም ያልለበሰው! የመጀመሪያው ለባሽ እርስዎ ነዎት! ኑ!"

እኔ ልብስ መስፋት እንጂ ሰው መጥራት አላውቅም፤ እሷ ስትጠራ ግን አዳራሹ ወደ እኛ ዘመመ። ጋሼ መምህር ለበሱ፣ እጃቸውን ዘረጉ፤ እጅጌው አንጓቸው ድረስ ደረሰ። ወዲያው አስተማሪዎቹ ሁሉ ተንጋጉ። ዳቦ ጋጋሪዋ እየፈራች አንድ እጇን አስገባች፣ ሁለተኛውን አስገባች፣ ከዚያ ክንዷን እንደ ትግል ገጣሚ አጥፋ አሳየችን። ሰዉ አጨበጨበላት። አንድ ሰውዬ ጨርቁን እያሸ "ከውጭ የመጣ ነው አይደል?" ቢላት ሲባጎ "ከመንገድ ማዶ የመጣ ነው!" ብላ ሸጠችለት። "ሰልባጁ ይሻለን ነበር" ያለው ሰው ራሱ መጥቶ ሁለት ገዛ፤ አውቄዋለሁ፣ ግን ደስታዬ ስለበዛ ይቅር አልኩት።

ጸጉር አስተካካዩ አዲሱን ጃኬቱን ለብሶ "እኔን የሚገርመኝ ያ ሚዛን የሚባል ትንሽ ፓርቲ ነው። በሰፈራችን የመረጠው ሰው አለ እንዴ?" አለ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ጫነች። እኔና ሲባጎ ተያየን። ሁለት ሴት ልጆች ያላት ሴት ሌላ ማንን ትመርጣለች?

ገበያው ሊበተን ሲል መስቀያው ባዶ ሆነ። አንዲት ቀጫጭን ልጅ፣ ያቺው የዚያን ቀኗ፣ እየሮጠች መጣች። አለቀ ስንላት ሲባጎ የለበሰችውን ጃኬት አየች። "እሱንስ? በእጥፍ እገዛዋለሁ" አለች።

ነጋዴ ናት እህቴ፤ በእጥፍ ሲሏት አስባ አታውቅም። ያን ጊዜ ግን ቀኝ ትከሻዋን በእጇ ሸፈነችው።

"ይኼ አይሸጥም" አለች። "በልኬ የተሰፋ ነው።"

እልልታዬን አቀለጥኩት። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ተቀበለችኝ፣ አዳራሹ በሙሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ተቀበለን። ተኳሹ በዚህኛው ምንም አላቃጠለም፤ የሚተኮስ ልብስ አልቀረለትም ነበር።